«አፋልጉኝ» እና «ሥሩልኝ»፦ የካልኩለስ የቤት ሥራ እርዳታና የስያሜ ምርጫ

1. መነሻ

የሙያ ቃላት ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የሚመዘነው በሁለት ቦታ ነው፤ አንደኛው መዝገበ ቃላቱ፣ ሁለተኛው የመማሪያ መጽሐፉ ነው። አንድ ስያሜ በመዝገበ ቃላቱ ውስጥ ቦታ ካገኘና በመጽሐፉ ውስጥ ከሌሎች ቃላት ጋር ሳይጋጭ ካለፈ ሥራው እንደተጠናቀቀ ይቆጠራል። ይሁንና ሦስተኛ መመዘኛ ቦታ አለ። እርሱም ተማሪው የቤት ሥራውን ይዞ በታላቅ ወንድሙ፣ በእኅቱ፣ በጎረቤቱ ወይም በጥናት ጓደኛው ፊት የሚቀመጥበት ጠረጴዛ ነው። በዚህ ጠረጴዛ ላይ ቃል የሚፈለገው ለትርጉም ሳይሆን ለጥያቄ ነው።

ይህ ጽሑፍ ስለ ካልኩለስ የቤት ሥራ እርዳታ ያነሣል። ካልኩለስን የመረጥንበት ምክንያት ግልጽ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ፣ ሁለተኛ ደረጃው ግን በእንግሊዝኛ እንዲሆን ደነገገ። ስለዚህ የታችኛው ክፍል ሒሳብ በአማርኛ መጻሕፍት ተዘጋጅቶለት ብዙ ቃላት አፍርቷል። «ዳግም ርቢ» እና «ዳግም ዘር»፣ «ጥምርታ» እና «ወደር»፣ «ስፋት»፣ «ዙሪያ» እና «ይዘት» በአማርኛ የተማረ ልጅ ሁሉ የሚያውቃቸው ናቸው። ካልኩለስ ግን የሚመጣው በሁለተኛ ደረጃ ማብቂያ፣ በ12ኛ ክፍል ነው። መጽሐፉም ፈተናውም በእንግሊዝኛ ነው፤ በአማርኛ አፉን በፈታ ቤት ውስጥ ግን ማስረዳቱና መጠየቁ የሚካሄደው በአማርኛ ነው። ቃላቱ ያልተዘጋጁለት አማርኛ እንግዲህ ይህ ነው።

2. እርዳታ የመጠየቂያ ሁለት መንገዶች

ለምሳሌ ያህል የሚከተለውን አጭር ንግግር እንመልከት።

«ጋሼ፣ ሦስተኛው ጥያቄ አልገባኝም።»
«ምኑ ነው ያልገባህ?»
«ሁሉም።»
«እንግዲያው አምጣው፣ ልሥራልህ።»

ይህን የመሰለ ንግግር የማያውቅ ረዳት ያለ አይመስለንም። ተማሪው «ሁሉም» ያለው በእርግጥ ሁሉም ጠፍቶበት ላይሆን ይችላል። ምናልባት ከአምስቱ እርምጃዎች አራቱን ያውቃቸዋል። ያልገባውን አንዱን ለይቶ የሚጠራበት ቃል ግን በእጁ የለም። ስለዚህ ክፍሉን ማስረከብ ሲያቅተው ሙሉውን ያስረክባል። ረዳቱም ሙሉውን ይሠራለታል።

የአማርኛ ግሥ ይህን ልዩነት ጠንቅቆ ያውቃል። «ሥራልኝ» በሚለው ቃል ውስጥ ያለው «ል» ሥራው ለተናጋሪው ጥቅም በሌላ ሰው እጅ እንዲፈጸም ያመለክታል፤ ባለቤቱ ሌላ ሰው ነው። ቋንቋችን ግን ሌላም ቅርጽ አለው፤ የሰዋስው ሰዎች የረዳትነት ቅርጽ የሚሉት ነው። «ፈለገ» ከሚለው «አፋለገ»፣ «ወለደ» ከሚለው «አዋለደ»፣ «አለቀሰ» ከሚለው «አላቀሰ» ይገኛል። በእነዚህ ሁሉ ረዳቱ የሥራው ባለቤት አይደለም። አዋላጅ አትወልድም፤ አላቃሽም ሐዘኑን ከባለቤቱ አይወስድም። ሰው ሲጠፋ የሚለጠፈው ማስታወቂያ «አፋልጉኝ» እንጂ «ፈልጉልኝ» የማይለው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ዋናው ፈላጊ አሁንም ማስታወቂያውን ያወጣው ሰው ነው።

አንድ ነገር ግን እናስተውል። «አፋልጉኝ» የሚል ማስታወቂያ ያለ መግለጫ አይወጣም። የጠፋው ሰው ቁመት፣ መልክ፣ የለበሰው ልብስ፣ መጨረሻ የታየበት ቦታ ይጻፋል። መግለጫ የሌለው ማስታወቂያ ማንንም አያስገኝም። ተማሪውም ከ«ሥራልኝ» ወደ «አፋልገኝ» ለመሸጋገር የጠፋበትን ነገር መልኩን መናገር መቻል አለበት። ማታ «ሠራልኝ» ብሎ ያመሰገነ ተማሪ በፈተና ቀን «ጉድ ሠራኝ» እንዳይል ከተፈለገ፣ በመካከል የሚያስፈልገው ይህ የመግለጫ ቃል ነው። የሙያ ቃላት ሠራተኛው ኀላፊነት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

(«ፈታ» ከሚለው ግሥ በዚሁ መንገድ «አፋታ» ብለን «ጥያቄውን አፋታኝ» እንዳንል ቃሉ ባልና ሚስት በማለያየት ሥራ ላይ ተይዟል። የስያሜ ምርጫ ሁልጊዜ ከእንዲህ ያለ ጎረቤት ጋር መኖርን ይጠይቃል።)

3. የሌሎች ቋንቋዎች ልምድ

የካልኩለስ ቃላት በየትም አገር ከሰማይ አልወረዱም። ካልኩለስ የሚለው ቃል በላቲን ትንሽ ጠጠር ማለት ነው፤ በጠጠር ከመቁጠር የመጣ ነው። ኒውተን የለውጥን ሐሳብ የሰየመው በፍሰት ነበር፤ ስለዚሁ የጻፈው መጽሐፍ በ1671 እ.ኤ.አ. ተዘጋጅቶ የታተመው ግን ከሞተ በኋላ በ1736 እ.ኤ.አ. ነው። ላይብኒትስ በ1684 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ መነሻ ያደረገው ልዩነትን ነው። ዛሬ የምንጠቀምበት «ዴሪቬቲቭ» የሚለው ስም የተስፋፋው ከላግራንዥ ሲሆን፣ እርሱ በ1797 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ከአንዱ ፈንክሽን የተገኘውን ሌላ ፈንክሽን «የተመዘዘ» ሲል ጠራው። ፍሰት፣ ልዩነት፣ መመዘዝ፤ ሦስት ሰዎች አንድን ነገር በሦስት ሥዕል አዩት።

ዘመዶቻችን የሆኑት የሴም ቋንቋዎችም ከተራው ንግግር ወስደዋል። ዐረብኛ ሊሚትን «ኒሃያ»፣ ማለትም መጨረሻ፣ ይለዋል፤ ዴሪቬቲቭን «ሙሽተቃ» የሚለው ደግሞ ሰዋስው ከሌላ ቃል ለተመሠረተ ቃል በሚሰጠው ስም ነው። ዕብራይስጥ ሊሚትን «ግቩል»፣ ማለትም ድንበር፣ ዴሪቬቲቭን «ኒግዜሬት» ይላል። የኋለኛው ሥር ቆረጠ ከሚል ትርጉም የተነሣ ሲሆን ከእኛው «ገዘረ» ጋር አንድ ነው፤ እንዲህ ያለውን ቃል በቀጥታ ወደ አማርኛ ማምጣት እንደማይታሰብ አንባቢ ይረዳል።

የተራው ቃል ሥዕል በተማሪው አእምሮ ውስጥ ሥራ እንደሚሠራ የታወቀ ነው። ዴቪድ ቶልና ሽሎሞ ቪነር በ1981 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ተማሪ ስለ አንድ የሒሳብ ሐሳብ በአእምሮው የያዘው ሥዕልና መጽሐፉ የሚሰጠው ድንጋጌ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሊሆኑ እንደሚችሉ አሳይተዋል፤ ካነሷቸውም ምሳሌዎች አንዱ ሊሚት ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ፍጹም ቃል የትኛው ነው?» የሚል ሊሆን አይችልም። ጥያቄው «የትኛው ቃል ተማሪውን ወደ ትክክለኛው እርምጃ ይመራዋል?» ነው።

4. «ሊሚት»፦ ገደብ፣ ወሰን ወይስ ጥግ?

አንድ የተለመደ የቤት ሥራ እንውሰድ። ያልታወቀውን ቁጥር «ሀ» እንበለውና ጥያቄው «ሀ ወደ 3 ሲጠጋ የ(ሀ² − 9) ÷ (ሀ − 3) ሊሚት ስንት ነው?» ይበል። ተማሪው በሀ ቦታ 3ን ይተካል። ከላይ 0፣ ከታችም 0 ይመጣበታል። «መልስ የለውም» ብሎ ይዘጋዋል።

ችግሩ «በ3 ላይ» እና «ወደ 3 ሲጠጋ» የተለያዩ ጥያቄዎች መሆናቸው ነው። በ3 ላይ በእርግጥ መልስ የለም። ወደ 3 ስንጠጋ ግን፣ ሀ 2.9 ሲሆን ውጤቱ 5.9፣ 2.99 ሲሆን 5.99፣ ከወዲያኛው ወገን 3.01 ሲሆን 6.01 ነው። ውጤቱ ከሁለቱም ወገን ወደ 6 ይጠጋል፤ ሊሚቱ 6 ነው። የላይኛውን ክፍል (ሀ − 3) በ(ሀ + 3) ተባዝቶ መጻፍ የሚቻል ስለሆነ፣ ሀ 3 እስካልሆነ ድረስ ክፍልፋዩ ሀ + 3 ከመሆን አያልፍም።

አሁን የቀረቡትን ቃላት እንመርምር። «ገደብ» ለዕለታዊ ንግግር ቅርብ ነው፤ ነገር ግን የፍጥነት ገደብ እንደምንለው መታለፍ የሌለበትን ጣሪያ ያመለክታል። «ወሰን»ም ድንበር ነው። በእነዚህ ቃላት የተመራ ተማሪ ሊሚት የማይታለፍና የማይደረስበት ነገር ይመስለዋል። ይህ ስሕተት ነው። −1፣ ½፣ −⅓፣ ¼ እያለ የሚሄድ የቁጥሮች ሰልፍ ሊሚቱን ዜሮን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ እየተሻገረ ይጠጋዋል። 5፣ 5፣ 5 እያለ የሚሄድ ሰልፍ ደግሞ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሊሚቱ ላይ ነው።

«ጥግ» የሚለው ቃል ከ«ተጠጋ» ጋር በሥር የተዛመደ በመሆኑ የተሻለ ዕድል አለው። ስሙና ግሡ አብረው ይሄዳሉ፤ «ሀ ወደ 3 ሲጠጋ፣ የውጤቱ ጥግ 6 ነው» ማለት ይቻላል። የቤት ጥግ የሚለው ትርጉም መጨረሻን የማሳሰብ ጉድለት እንዳለው አንክድም። «መጠጊያ» የሚለውም ቅርጹ ያማረ ነበር፤ ነገር ግን የጸሎትና የመከራ ጊዜ ቃል ሆኖ ጸንቷል። በእኛ አስተያየት «ጥግ»ን የሚያስመርጠው ስሙ ራሱ ሳይሆን ከኋላው የሚጎትተው ግሥ ነው። ተማሪው ግሡን ካገኘ የጠፋበትን ነገር መግለጽ ይችላል፤ «ጋሼ፣ በ3 ላይ ስተካው ዜሮ ለዜሮ መጣብኝ፤ ወደ 3 ሲጠጋ ወዴት እንደሚሄድ በምን ልየው?» ይላል። ይህ እውነተኛ «አፋልገኝ» ነው። መልሱም አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ «ከመተካትህ በፊት አቃልለው።»

5. «ዴሪቬቲቭ»፦ የሚታዘዝ ቃል ፍለጋ

ከላይ ያገኘነው 6 በሌላ ስሙ የሀ² ዴሪቬቲቭ በ3 ላይ ነው። ይህን በስፋት ማሳየት ይቻላል። ጎኑ 3 ሜትር የሆነ ካሬ መሬት 9 ካሬ ሜትር ስፋት አለው። ጎኑ በጥቂት ቢጨምር በሁለት ጠርዞቹ ላይ እያንዳንዳቸው 3 ሜትር የሚረዝሙ ሁለት ቀጫጭን ቁራጮች፣ በማዕዘኑም ላይ እጅግ ትንሽ ካሬ ይጨመራሉ። የማዕዘኗን ካሬ ከቁጥር የማትገባ እስክትሆን ድረስ ብናሳንሳት የስፋቱ ጭማሪ የጎኑ ጭማሪ 6 እጥፍ ወደ መሆን ይጠጋል። ጎኑ ሀ በሆነ ጊዜ ደግሞ 2ሀ እጥፍ ነው።

የተለመደው የተማሪ ስሕተት ይህ ነው፤ «በ3 ላይ» የሚለውን ሲያይ አስቀድሞ 3ን ይተካል፣ 9ን ያገኛል፣ 9 የማይለወጥ ቁጥር ስለሆነ «ዴሪቬቲቩ ዜሮ ነው» ይላል። እያንዳንዱ እርምጃ ለብቻው ሲታይ ልክ ነው፤ የተዛባው ቅደም ተከተሉ ነው። የስሕተቱም ምንጭ አንድ ቃል ለሁለት ነገር መዋሉ ነው። ዴሪቬቲቭ ሲባል አንዳንድ ጊዜ 2ሀ የሚለው ሕግ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ በአንድ ቦታ ላይ የተገኘው ቁጥር 6 ነው።

«ውልድ» ለሚለው ስያሜ የሚቀርበው ክርክር በመጽሐፍ ላይ ያምራል። በጠረጴዛው ላይ ግን ትእዛዝ አይሆንም። ረዳቱ ተማሪውን «ፈንክሽኑን ውለደው» ሊለው አይችልም። «ወላጅ» እና «ውልድ» ብለን ጥንዱን ብናሟላ ደግሞ፣ ሀ²፣ ሀ² + 1 እና ሀ² + 5 ሁሉም 2ሀን ስለሚሰጡ አንድ ልጅ ቁጥር የሌላቸው ወላጆች ይኖሩታል፤ ሥዕሉ ይፈርሳል። «ለውጥ» በበኩሉ ሜትርን ወደ ሴንቲሜትር በመለወጥ ሥራ ተይዟል።

«የለውጥ ምጣኔ» ረዘም ይላል፤ ይሁንና የወለድ ምጣኔ፣ የእድገት ምጣኔ ከሚሉት ጋር ስለሚሄድ ትርጉሙ ለሰሚ አይሰወርም። ከሁሉም በላይ ሁለቱን ነገሮች ለመለየት ያስችላል፤ 2ሀ «የለውጥ ምጣኔው ሕግ»፣ 6 ደግሞ «በ3 ላይ ያለው የለውጥ ምጣኔ» ይባላል። ትእዛዙም «አስቀድመህ ሕጉን አውጣ፤ ከዚያ 3ን ተካ» ይሆናል። ከዚህ በኋላ ተማሪው «ሕጉን ነው ወይስ ቁጥሩን የሚጠይቀኝ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ይህን ጥያቄ የጠየቀ ተማሪ ግማሹን መንገድ ሄዷል።

6. «ኢንተግራል»፦ የተከማቸው

የኢንተግራል ስያሜዎች ሲታሰቡ «ውሕደት»፣ «ድምር»፣ «ጥርቅም» እና «ክምችት» ወደ አእምሮ ይመጣሉ። «ውሕደት» ድርጅቶችና ፓርቲዎች አንድ የሚሆኑበት ስም ነው፤ ስለ ስፋት ምንም አይናገርም። «ድምር» በአንደኛ ክፍል የተያዘ ቃል ነው። «ጥርቅም» ለሥራው ቅርብ ሆኖ ሳለ የንቀት ቃና አለው፤ ምርጫ የሌለበትን መንጋ ያስመስላል። «ክምችት» ግን «አከማቸ»፣ «ተከማቸ»፣ «የተከማቸ» የሚል ሙሉ ቤተሰብ አለው፤ በጥቂት በጥቂቱ እየተጨመረ የሚያድግ መሆኑንም ያሳያል።

በዚያው ምሳሌ እንፈትነው። የለውጥ ምጣኔው 2ሀ ከ0 እስከ 3 ድረስ ሲከማች ስንት ይሆናል? 2ሀ በሥዕል ቢቀመጥ ቀጥተኛ መስመር ነው፤ ከሥሩ ያለው ስፋት መሠረቱ 3፣ ቁመቱ 6 የሆነ ሦስት ማዕዘን ስለሆነ 9 ነው። 9 ደግሞ የ3 ዳግም ርቢ ነው። ተማሪው ሀ² + 5 ብሎ ቢጀምርም በ3 ላይ 14፣ በ0 ላይ 5 ስለሚያገኝ ልዩነቱ ያው 9 ነው። ምጣኔውን ብቻ የሚያውቅ ሰው ቀድሞ ምን ያህል እንደነበረ አያውቅም፤ ጎተራ ውስጥ በየቀኑ የገባውን እህል የቆጠረ ሰው ከመቁጠሩ በፊት የነበረውን እንደማያውቅ ሁሉ። በመልሱ መጨረሻ የሚጨመረውና ተማሪዎች ዘወትር የሚረሱት ቋሚ ቁጥር ትርጉሙ ይህ ነው። «ክምችት» የሚለው ቃል ይህን ጥያቄ ራሱ ያስነሣል፤ «ከምን ላይ ነው የተከማቸው?»

7. ከዚህ ምን ይከተላል?

ለካልኩለስ ቃላት፣ ምናልባትም ለሌሎች ሳይንሶች፣ አራት መፈተኛዎችን እናቀርባለን።

ሀ) የግሥ መፈተኛ፦ ስያሜው በትእዛዝ አንቀጽ ሊነገር ይችላልን? የቤት ሥራ የሚሠራው በግሥ ነው።

ለ) የጥያቄ መፈተኛ፦ ተማሪው በቃሉ ተጠቅሞ ያልገባውን ከገባው መለየት ይችላልን?

ሐ) የስሕተት መፈተኛ፦ የቃሉ ዕለታዊ ትርጉም ወደ ሐሰተኛ እርምጃ ይመራልን?

መ) የመመለሻ መፈተኛ፦ ቃሉ ተማሪውን ወደ ፈተናው ቋንቋ ይመልሰዋልን?

አራተኛው ማብራሪያ ይፈልጋል። ፈተናው በእንግሊዝኛ እስከሆነ ድረስ የአማርኛ ስያሜ የውጭውን ቃል ቢያባርር ተማሪውን ይጎዳዋል። ተናጋሪው ሕዝብ ለዚህ የራሱን መፍትሔ አስቀድሞ አግኝቷል፤ «ኢንተግሬት አድርገው»፣ «ሊሚቱን ውሰድ» ይላል። የውጭውን ስም በአማርኛ ግሥ ያስጋልባል። ይህን እንደ ቋንቋ ብልሽት ብቻ መቁጠር ተገቢ አይመስለንም። ጉድለቱ ቃሉ ባዕድ መሆኑ ሳይሆን፣ «ኢንተግሬት አድርገው» የተባለ ተማሪ ምን እንዲያደርግ እንደታዘዘ የሚያስረዳው የአማርኛ ቃል ከጎኑ አለመኖሩ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሊቆሙ ይገባል።

ስለዚህ የመዝገበ ቃላት አዘጋጆች የካልኩለስን ቃል ሲያስገቡ ስምን በስም ተክተው ባያልፉ መልካም ነው። አንድ መደብ የሚከተለውን ሊመስል ይችላል።

ሊሚት፦ ጥግ። ግሡ፦ ወደ ... ተጠጋ። አነጋገሩ፦ «ሀ ወደ 3 ሲጠጋ የውጤቱ ጥግ 6 ነው።» የተማሪ ጥያቄ፦ «በ3 ላይ ነው ወይስ ወደ 3 ሲጠጋ?» ጥንቃቄ፦ ገደብ አይደለም፤ ሊደረስበትም ሊታለፍም ይችላል።

እንዲህ ያለው መደብ ቦታ እንደሚወስድ፣ የአዘጋጁንም ድካም እንደሚያበዛ እናውቃለን። ነገር ግን የሚያገለግለው ሰው ማን እንደሆነ ማሰብ ይበጃል። ተርጓሚው ስሙን ብቻ ቢያገኝ ሥራውን ይቀጥላል። ማታ መጽሐፉን ዘርግቶ የተቀመጠው ተማሪና ከጎኑ ያለው፣ ካልኩለስን ከተማረ ብዙ ዓመት ያለፈው ረዳቱ ግን በስም ብቻ አንድ እርምጃ አይራመዱም። ግሡንና ጥያቄውን ብንሰጣቸው «ምኑ ነው ያልገባህ?» ለሚለው ጥያቄ ከ«ሁሉም» የተሻለ መልስ ይኖራል።